ልዕልቷ ለምን ትዘፍናለች

ልዕልቷ ለምን እንደምትዘፍን ግልጽ አልነበረም። አባቷ ንጉሡ የት እንደዋለች ይጠይቃታል፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትዘፍናለች። ሠራተኛዋ ውሃው ሞቋል፣ ነይ ታጠቢ ትላታለች፤ ትዘፍናለች። ጫካ ገብታ መንገድ ይጠፋባታል፤ ሌላ ሰው ኡኡ በሚልበት ቦታ እሷ ቆማ ትዘፍናለች፣ አንድ ዳክዬም ዜማውን ይቀበላታል።

ፊልሙ የሥዕል ፊልም ነው፤ ሥዕሉ ይራመዳል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔ የፊት ጥርሴ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነኝ። ሲኒማ ቤቱ መርካቶ ውስጥ፣ ከሰባተኛ ሰፈር ብዙም አይርቅም። የወሰደን የጓደኛዬ የጠሂራ ታላቅ ወንድም ቡርሃን ነው። ቡርሃን እንግሊዝኛ ይማር ስለነበር በግቢያችን እንደ አስተርጓሚ ይቆጠራል። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብልን እሱ ነው፤ እስከዚያ ጊዜ የሞተ ሰው አልነበረም።

በእኔና በጠሂራ መሐል ተቀምጦ ፊልሙ ላይ ያሉት ሲያወሩ ይተረጉምልናል፤ ሲዘፍኑ ግን «ዘፈን ነው» ብሎ ዝም ይላል። ዘፈን መሆኑን እኛም ሰምተናል። በመጨረሻ ጠሂራ አላስችል አላትና፣ ሰው ሲያናግራት ለምን እንደ ሰው አትመልስም ብላ ጠየቀችው።

«ተረግማ ነዋ» አለ ቡርሃን።

እርግማን መኖሩ እውነት ነው። ጭጋግ የምትለብስ አንዲት ሴትዮ መጀመሪያ ላይ ጣቷን ቀስራ ስታጉረመርም ሁላችንም አይተናል።

«ዳክዬውስ?»

«አገሩ በሙሉ ተረግሟል። ዝም ብለሽ እዪ።»

ጠሂራ ጥቂት አሰበች። አባትና እናቷ ከወሎ ናቸው፤ ስለ እርግማን ከኛ ይልቅ ታውቃለች። ከዚያ ጆሮዬ ጋ መጥታ፣ «ገባኝ፤ ላሊበላ ናት» አለችኝ።

ከተማውን ማለቷ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው በየሰው ደጃፍ እየቆሙ የሚዘፍኑትን ላሊበሎች ማለቷ ነው። የባለቤቱን ስም እየጠሩ ያሞግሳሉ፤ ዳቦ ወይም ሳንቲም ሲሰጧቸው መርቀው ይሄዳሉ፤ ካልሰጧቸው ግጥሙ መልኩን ይለውጣል። ዘሩ የተረገመ ነው ይባላል። ከዚያ ዘር የተወለደ ሰው ዘፈኑን ከተወ ይቆመጣል፣ ጣቱ ይረግፋል ይባል ነበር። ዛሬ በሽታው በክኒን እንደሚድን፣ ከዘፈንም ከዘርም ጋር እንደማይገናኝ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ያኔ ግን ትልቅ ሰው ያምነው ነበር፤ ዘፋኞቹ ደግሞ ከሁሉም አብልጠው።

የጠሂራ ነገር ከጆሮ ወደ ጆሮ እያለፈ እስከ ወንበሩ ረድፍ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ውሃ ሆነልን። ልዕልቷ የምትዘፍነው ጣቷ እንዳይረግፍ ነው። ስትዘፍን ጣቶቿን ዘርግታ ማሳየቷም ለዚሁ ነው፤ አሉ፣ እዩልኝ ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ብዙ አይቻለሁ። ሕጋቸው አንድ ነው። ልጅቷ እናት የላትም፤ ካላትም ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ትሞታለች። ምኞቷን ለሰው አትነግርም፣ ለተራራ ትዘፍነዋለች። ክፉዋ ሴትዮ ከሁሉ ያማረ ቀሚስ ትለብሳለች፤ ያማረውም ዘፈን የሷ ነው። ልጅቷ ፊቷ ላይ ሻርፕ ጣል ካደረገች የወለዳት አባቷ አያውቃትም። በኛ ፊልም ንጉሡ ገበያ ወርዶ ከገዛ ልጁ ሽንኩርት ገዝቷል፤ ያውም ተከራክሮ። ይህ ሁሉ ለፊልም ሥራ የተበጀ ልማድ መሆኑን የሚነግረኝ ስላልነበረ፣ እኔ ያየሁት እንደ ዜና ነው። አንድ አገር አለ፣ እንዲህ ሆነ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠሂራ ልዕልቷ አሳዘነችኝ አለች። እኔን አላሳዘነችኝም። እኔ የቀናሁት በእሷ ነው። ስትዘፍን አገር ሥራ ፈትቶ ያዳምጣታል። ደግሞስ የማይወደድ ልጅ ማን ደክሞ ይረግማል?

እቤት ደግሞ የምቀናበት ሌላ ሰው ነበረኝ።

አባቴ አስናቀው ከጎጃም መጥቶ መርካቶ የከተመ የጆንያ ነጋዴ ነው። ባዶ ጆንያ ይገዛል፣ ያስጠቅማል፣ ይሸጣል። ቤታችን ጥግ የተከመረውን ጆንያ በአፍንጫዬ ነበር የምለየው፤ ስኳር፣ ምስር፣ አብሽ። አባቴ ዝምተኛ ነው። ራት በልቶ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ሬዲዮው ሲያወራ እሱ ይተኛል። እናቴ ቦሰና ደግሞ ረጅም፣ አንገተ መቃ፣ በግቢው ውስጥ ከሰው ሁሉ ጋር የምትግባባ፣ የሰውን ሁሉ ስም የምታውቅ ሴት ናት። አንድ ነገር ብቻ አታደርግም። አትዘፍንም። የጠሂራ እናት እትዬ ጀሚላ ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉራለች፤ ሌሎቹም ልጅ ሲያስተኙ እሹሩሩ ይላሉ። እናቴ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ትስብና «ተኚ» ትለኛለች። አንድ ጊዜ እሹሩሩ በይልኝ ብያት፣ «ድምፅ የለኝም፣ ውቤ» አለችኝ። ስሜ ውባንቺ ነው፤ ውቤ የምትለኝ ነገር ልትከለክለኝ ስትል ነው።

ከቤታችን ግድግዳ ተለጥፋ በተሠራችው ትንሽ ክፍል ጽጌሬዳ የምትባል ተከራይ ነበረች። ቆንጆ ናት፤ ከቆንጆም ቁንጅናዋን ልብ የማትለው ዓይነት። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው ይባላል። ሰው ሳይነሣ ወጥታ ትሄዳለች፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ዳቦ በነጠላዋ ቋጥራ ትመለስና ትተኛለች። ዳቦውን እናካፍላለን። ሕብስት አለው፣ ቆሎ አለው፣ ድፎ ቁራሽ አለው፣ እንጀራም የሚገኝበት ቀን አለ። አንድ ዳቦ ቤት ይህን ሁሉ እንዴት ይጋግራል ብዬ አልጠየቅሁም። ዳቦ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ልጅ አይቼ አላውቅም።

አባቴ ሥራ ሲሄድ እናቴ ጽጌ ክፍል ትገባለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ጽጌ አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ እናቴ ከኋላዋ ሆና ጸጉሯን እያበጠረችላት። ለእኔ ጸጉር እጇ እንደ ሚዶ ነው፤ ለሷ ግን እንደ ጥጥ። ይንሾካሾካሉ፣ ይስቃሉ። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ።

ያናደደኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ስሞቹን የማመጣላቸው እኔ ነኝ። እናቴ ጨው እንድገዛ ስትልከኝ፣ አዲስ የገባው ተከራይ ሚስቱ ማን ትባላለች፣ ጥቁር አንበሳ የተሳለበት ሹራብ የሚለብሰው ሰውዬ ልጁ ማን ተባለ፣ ጠይቀሽ ነይ ትለኛለች። እኔ ኮርቼ አመጣላታለሁ። ከዚያ በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ። ግድግዳው ጣውላ ሆኖ ጋዜጣ የተለጠፈበት ነው፤ ጆሮዬን የምለጥፍበት ቦታ ላይ አንድ የጫማ ማስታወቂያ አለ።

«ለጋሼ ኃይለመለኮት ምን ልበል፣ እትዬ?» ትላለች ጽጌ። ጋሼ ኃይለመለኮት ከኛ በላይ ያለው መንገድ ላይ የሚኖር የእህል ነጋዴ ነው፤ ጥርሱ ገጣጣ ነው።

«ጥርሱን ተዪው፤ ይቀየምሻል። ስለ በሩ በይለት» ትላለች እናቴ።

«በሩ ምን አለው?»

«ትልቅ ነዋ። እንዲወራለት አይደል ያሠራው?»

እኔ ጎረቤት እያሙ ነበር የመሰለኝ። ያለኔ ማማታቸው ነው ያንገበገበኝ። እነሱ ግን ግጥም እየሠሩ ነበር። ለነገው ደጃፍ የሚሆነውን ግጥም የምትሠራው እናቴ ናት፤ ተሸክማው የምትወጣው ጽጌ። ድምፅ የለኝም ያለችኝ ሴት ከጫማው ማስታወቂያ ጀርባ ዜማውን ስታሳያት አንድ ሁለቴ ሰምቻታለሁ፤ በአፍንጫዋ ብቻ፣ እንደ ንብ። ሄጄ እናቴን፣ ለሷ ዘፈንሽላት አልኳት። «ጥርሴን አሞኝ ነው» አለችኝ። በማግስቱም ቅርንፉድ በጉንጯ ይዛ ዋለች፤ ውሸቷን በደንብ የምትጠብቅ ሴት ነበረች።

ፊልሙን ካየሁ በኋላ ነገሩ ሁሉ ግጥም አለልኝ። ቀን ትተኛለች፣ ፊቷን ተሸፍና ትወጣለች፣ ቆንጆ ናት፣ ሰው ይንከባከባታል። ጽጌሬዳ የተረገመችው ልዕልት ናት። ለጠሂራ ነገርኳት። ጠሂራ ዳክዬ የላትም ብላ ትንሽ ተጠራጠረች፤ በኋላ የእትዬ ጀሚላን ዶሮ ቆጥረን ተስማማን። ላሊበላ መሆኗን ግን ሁለታችንም አላሰብነውም። ልዕልቷን ላሊበላ ብለን፣ ግቢያችን ያለችውን ላሊበላ ልዕልት አልናት።

ከዚያ ወዲያ ቅናቴ ቅርጽ ያዘ። እናቴ የማታቅፈኝ እርግማን ስለሌለኝ ነው። እርግማን ማግኘት አለብኝ። የሚረግመኝ ፍለጋ ደከምኩ። የእትዬ ጀሚላን የታጠበ አንሶላ ረገጥኩ፤ እትዬ ጀሚላ፣ «አላህ ልብ ይስጥሽ» ብላ ለቀቀችኝ። ምርቃት ሆነብኝ። አባቴን የሬዲዮውን ቁልፍ አዞርኩበት። ዓይኑን ገልጦ አየኝና «ጥሩ፣ ዘፈን አለ እዚያ ጋ» ብሎ መልሶ ተኛ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጽጌ ታመመች። ጉሮሮዋ አበጠ፤ ድምፅዋ እንደ ዝገት በር ሆነ። ከቤት መውጣት አቆመች፤ ዳቦም ቆመ። እኔ ደስ አለኝ፤ ልዕልቷ መዝፈን ስታቆም ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን ጣቷን ሳይሆን የእናቴን ጣት ነው የማየው፤ ምክንያቱም እናቴ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ እጇን ወደ ብርሃን አንሥታ ጣቶቿን እያገላበጠች ማየት ጀምራ ነበር። አንዳንዴ የጣቷን ጫፍ በመርፌ ትነካለች፤ ሲያማት ትንፋሽ ታወጣለች፣ እፎይ እንደማለት። ቀለበቷን የምታደንቅ መስሎኝ፣ አባቴ ሌላ እንዲገዛላት ነው ብዬ ለጠሂራ ነገርኳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከጫማው ማስታወቂያ ጀርባ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ቀኑ በዛ፣ እትዬ» አለች ጽጌ በዚያ ዝገት ድምፅ።

«ዝም በይ፤ ጉሮሮሽን።»

«እኔማ ለራሴ አይደለም። አንቺ ከተውሽው ቆየሽ፤ እስካሁን የኔ መውጣት ነው የያዘልሽ። እኔም ከቀረሁ ማን አለ?»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገ እኔ እወጣለሁ።»

«እሱስ?»

«ይተኛል። የሱን እንቅልፍ ታውቂው የለ።»

«ልጅቷስ?»

«እሷን ለዚህ አልወለድኳትም» አለች እናቴ።

ይህን አረፍተ ነገር ለረጅም ዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ። ያኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ ጽጌ እናቴን ይዛብኝ ልትሄድ ነው፣ እናቴም እኔን ጥላ ለመሄድ ተስማምታለች፣ ያውም መወለዴ ሳይቆጫት አልቀረም። ጽጌሬዳ የእናቴ የእናት ልጅ፣ ታናሽ እህቷ መሆኗን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በእናቴ ለቅሶ ላይ ነው፤ ከቤተዘመድ መሐል ተቀምጣ ሳያት። ሁለቱም ላሊበሎች ናቸው። እናቴ ስታገባ ከዘሩ ወጣች፣ ዘፈኑንም ተወች፤ ጽጌ ተከትላት መጥታ ከጎኗ ተከራየች፣ ለሁለት ሰው ትዘፍን ነበር። ሁለቱም ይህ እንደሚያዋጣ እርግጠኞች አልነበሩም። መርፌው ለዚህ ነበር፤ ቁምጥና የጀመረው ጣት ሲወጉት አያመውም።

ያን ቀን ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ጎህ ሊቀድ ሲል እናቴ ተነሣች። የጽጌን ነጠላ ተከናንባ ዓይኗ ብቻ ቀረ። በሩን ሳትቆልፍ፣ ገርበብ ብቻ አድርጋ ወጣች። አባቴ ያንኮራፋል። ተከተልኳት። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ውሻ አለ፣ ጭነት የሚጠብቁ አህዮች አሉ። እናቴ የምትሄደው የምታውቀውን መንገድ እንደሚሄድ ሰው ነው። ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚያወጣው መንገድ ጥቂት ከሄደች በኋላ የጋሼ ኃይለመለኮት ትልቁ በር ፊት ቆመች። እጇን ጆሮዋ ሥር አደረገች።

ኃይለመለኮት ቤት በሩ መች ይዘጋ፣
እንግዳው ሳይጠግብ ሌሊቱ አይነጋ።

ድምፁ ከእናቴ የወጣ አይመስልም። ወፍራም ነው፣ ከታች ይነሣል፣ ጫፉ ላይ ይሰነጠቅና ከስንጥቁ ውስጥ ሌላ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። አህዮቹ ጆሯቸውን አዞሩ፤ ይህን ያጋነንኩ ይመስላል፣ ግን አዞሩ። ትልቅ ሰው ስሆን ሰዎች እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ይሰማሻል ሲሉኝ፣ አድናቆት ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። እኔ የተሰማኝ ንዴት ነው። ድምፅ የለኝም ብላኝ ነበር። ለእኔ የሌላት ድምፅ ለገጣጣው ጋሼ ኃይለመለኮት አለ። ለበሩ እንኳ አለ።

መስኮት ተከፈተ፣ ዳቦ ወጣ፣ እሷ መረቀች። ወደ ሌላ ደጃፍ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሄደች። በየደጃፉ የዘፈነችው ስም እኔ ለቃቅሜ ያመጣሁላት ስም ነው።

አንድ ጥግ ላይ ዞር ስትል አየችኝ። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመታችኝም። ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ዓይኗም ወደ እጄ ሄደ፣ ወደ ጣቶቼ። ከዚያ ነጠላውን ገልጣ ከውስጥ አስገባችኝና እየሮጥን ማለት ይቻላል ወደ ቤት ተመለስን። ሰማዩ ነጥቶ ነበር።

ግቢ ስንደርስ የውሃ ቦኖው ጋ ሴቶች ተሰልፈዋል። እትዬ ጀሚላ ባልዲዋን አስቀምጣ ታዛጋለች። የቦኖው ፊት ለፊት የኛ በር ነው፤ የጽጌም በር እዚያው ጎን ነው። እናቴ ሳትቆም ወደ በራችን ሄደች፣ ገፋ አደረገችው። አልተከፈተም። አባቴ በመሐሉ ተነሥቶ፣ በሩ ገርበብ ማለቱን አይቶ፣ ሌባ እንዳይገባ ቀርቅሮታል።

አሁን ሲገባኝ ይከብደኛል። ነጠላዋን ብትገልጥ፣ ቦሰና በዚህ ሰዓት ተሸፍና ከየት መጣች ይባላል፤ በቁራሽ የተሞላ ነጠላ ይዛ። ጽጌ ቤት ብትገባ፣ ላሊበላ ሰው ደጅ ትቆማለች እንጂ አትገባም፤ የጽጌም ነገር አብሮ ይጋለጣል። ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ ውስጥ ከእናቴ እጅ ውሃ የሚጠጣ አይኖርም፤ የእኔንም እጅ የሚይዝ ልጅ አይኖርም። ይህን ሁሉ በአንድ እስትንፋስ አሰበችው። ለላሊበላ በደጃፍ የተፈቀደላት አንድ ነገር ብቻ ነው።

እጇን ጆሮዋ ሥር አደረገች፤ በገዛ ቤቷ በር ላይ።

የውባንቺ አባት ክፈትልን ደጁን፣
ማን ብርድ ላይ ያቆማል የአብራኩን ልጁን።

ስሜ ነው። በነጠላው ውስጥ፣ ጎኗ ላይ ተለጥፌ፣ ድምፁ በጎድን አጥንቷ በኩል ሲያልፍ እየተሰማኝ፣ ስሜን ዘፈነችው። በዚያ ድምፅ፣ ሙሉ ስሜን፣ ውቤ ሳትል። እኔም ስንቴ በየደጃፉ ሰምቼ ዜማውን ይዤው ነበርና፣ እንደ ዳክዬው ልቀበላት አፌን ከፈትኩ።

መዳፏ መጥቶ አፌ ላይ ተለጠፈ። በኃይል ነው፤ ከንፈሬ ጥርሴ ላይ ተጫነ። እስክትጨርስ አልለቀቀችኝም።

«አስናቀው ቤት ላሊበላ መጣ» አለች እትዬ ጀሚላ ከቦኖው፤ «ዛሬስ ድምፅ ያላት ናት። ቦሰና! አንቺ ቦሰና! በርሽ ላይ ሰው ቁሟል፣ ነቃ በይ እንጂ!»

ቦሰና በር ላይ ቆማለች።

ከውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ። «ቦሰናን አሟታል፤ ተኝታለች። እኔው እሰጣለሁ።»

በነጠላው ቀዳዳ እያየሁት በአባቴ አፈርኩ። ያቺ ባዶ አልጋ አጠገቡ ሆና ሚስቴ ተኝታለች ይላል። ሽንኩርት የገዛው ንጉሥ በሲኒማ ቤት ብቻ ያለ መስሎኝ ነበር፤ እቤታችንም አለ። መወርወሪያው ተነሣ። አባቴ ኮቱን ደርቦ፣ ቆቡን አድርጎ ወጣ፤ ከዚያ ቆቡን አወለቀ። አንድ ዳቦ በሁለት እጁ አቀረበ። እናቴ ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለች። አባቴ ምርቃት እንደሚቀበል ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆየ፤ እናቴም በቀጭን ድምፅ መረቀችው። ቤትህ ይሙላ፣ ያለህ ይክበር፣ የወለድከው ይደግ።

«ሕፃን ይዘሻል፤ ግቢና ሙቂ» አላት ጮክ ብሎ።

ላሊበላን ግቢ የሚል ሰው የለም። ቦኖው ጋ ያሉት ሴቶች ተያዩ። እትዬ ጀሚላ፣ እንዲህ ያለ ደግ ባል ቦሰና ተኝታ አመለጣት አለችና ሳቁ። ገባን። በሩ ተዘጋ።

እናቴ ነጠላዋን ሳትገልጥ ጆንያው ክምር ላይ ተቀመጠች። አባቴ ክብሪት ጫረ፣ ምድጃውን ለኮሰ፣ ውሃ ጣደ። ጀርባውን እንደሰጣት ነበር።

«ድምፅሽ ወፍሯል» አላት።

እሷ ፊቷን ጆንያው ውስጥ ደፍታ አለቀሰች፤ ወይም ሳቀች፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። እኔ አባቴ ድምፅዋን አልወደደላትም ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ። ይበላት፤ ዘፈኗን አላስነካ ብላኛለች። ከንፈሬ ያበጠው እስከ ማታ አልጎደለም።

ጽጌ በሳምንቱ ዳነች፤ ዳቦውም ተመለሰ። እናቴ ዳግመኛ ስትዘፍን አልሰማኋትም። ስለዚያ ጠዋት በቤታችን ማንም ምንም አላለም። እኔ ግን ያቺን መዳፍ ይዤ አደግሁ። አንዲት ቀን፣ ስሜ ያለበት አንድ ዘፈን፣ እሱንም ከኔ ጋር አልካፈልም አለች። ለጽጌ ያስተማረችውን ለእኔ አፌን ይዛ ከለከለችኝ። ስትድረኝ፣ ልጄን ስታቅፍልኝ፣ አስታምሜያት ስትሞት እንኳ ነገሩ ከውስጤ ጥግ ላይ ነበር።

ሁሉንም የነገረችኝ ጽጌ ናት፣ በእናቴ አርባ ማግሥት። አርጅታለች፤ ድምፅዋ ያው ነው። አባቴ ወጣት ሆኖ፣ ሚስት ሳያገባ፣ እናቴ በጠዋት ደጃፉ ላይ ስትዘፍን ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ ብሎ በመስኮት ውሃ ደፋባት። እሷም የሚገባውን ግጥም ሰጠችው። ጽጌ ግጥሙን አትነግረኝም፤ ስለ አባትሽ አይባልም አለች። በማግስቱ ዳቦ ይዞ መስኮቱ ላይ ቆሞ ጠበቃት። በማግስቱም። እናቴ ዘሯን የደበቀችበት ይመስላት ነበር፤ ያ ፊቱ የተሸፈነ ዘፋኝ እሷ መሆኗን ከሠርጋቸው በፊት እንደሚያውቅ፣ በራችን ላይ እስከዘፈነችበት ጠዋት ድረስ አልነገራትም። ማወቄን ካወቀች ታፍራለች ብሎ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ የተኛ መስሎ ያንኮራፋ ነበር።

«መዳፏስ?» አልኳት ጽጌን፤ ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። «ያን ቀን አፌን ይዛኝ ነበር። አንቺን አስተምራሽ የለ?»

ጽጌ ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። ሁሉም አሉ።

«እኔን ማን አስተማረኝ? እኔ ተወልጄበት ነው» አለች። «ደጃፍ ላይ ቆሞ አንዲት ስንኝ የተቀበለ ልጅ፣ ያው ገባ ማለት ነው፤ እድሜ ልኩን መውጣት አለበት። አንቺ አፍሽን ከፈትሽ። እሷ ደግሞ እጅ ነበራት።»

ባለፈው ሰኔ የልጄ ልጅ ያን ፊልም ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ቴሌቪዥን ላይ ከፈተችው። ጭጋግ የለበሰችውን ሴትዮ ሳያት ወዲያው አወቅኋት። አሁን ትርጉሙ ከታች ይጻፋል፤ ቡርሃን አያስፈልግም። እርግማኑ ሌላ ነበር፤ ልዕልቷ ፀሐይ ስትጠልቅ ድንጋይ ትሆናለች። ዘፈኑ ከእርግማን ጋር ምንም አያገናኘውም። እንዲያው እዚያ ፊልም ላይ ሰው ልቡ ሲሞላ የሚናገረው እንደዚያ ነው፤ ዳክዬውም ጭምር።

ልጅቷ ፈንዲሻዋን ታቅፋ ጎኔ ላይ ተለጥፋ ታያለች። ልዕልቷ ጫካው መሐል ቆማ መዝፈን ስትጀምር አፏን ከፍታ ተቀበለቻት፣ ጮክ ብላ፣ ዜማውን ከአንድ ሁለት ቦታ እየሳተች።

እጄ ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም፤ ራሱ ተነሥቶ ወደ አፏ ሄደ። ጉንጯ ጋ ሲደርስ አየሁት፤ የእናቴን እጅ ይመስላል፣ ጅማቱ እንኳ። ጥቂት እዚያው አቆየሁት። ከዚያ ከፈንዲሻዋ ዘግኜ መለስኩት።

«አያቴ፣ አንቺም ተቀበይ እንጂ» አለችኝ።

«ድምፅ የለኝም» አልኳት።